አጥሩ ላይ የተሰጣው ጋቢ

ረቡዕ፣ መጋቢት 4
ቀዩን ቀለም ያየሁት ከገበያ ስመለስ ነው። አጥራችን ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ አንድ ቀስትና ቁጥር። ከአጥራችን ፊት ያለውን ኳስ ሜዳ ሲለኩ የሰነበቱት መሐንዲሶች ናቸው የቀቡት። እዚህ ሜዳው ጋ የባቡር ጣቢያ ሊሠራ ነው አሉ። ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ የማያውቅ የለም። ይፈርሳል ማለት ነው።

ታደለ አላየም። ባሌ የዓይን ሞራው የተገፈፈለት ትናንት ነው። ግራው ከድሮም አያይም፣ ቀኙ እስከ ሰኞ ታሽጓል። ሐኪሙ እንዳይደነግጥ፣ እንዳይናደድ፣ እንዳያጎነብስ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። ይሄን አጥር ብሎኬት በብሎኬት የደረደረው እሱ ነው። እንዴት ብዬ ልንገረው?

አልነገርኩትም። የሱን ጋቢ አጥቤ ቀለሙ ላይ ሰጣሁት፤ ጋቢዬስ ሲለኝ አጥሩ ላይ እየደረቀ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5
ጋቢው ደረቀ። እንደገና ነክሬ ሰጣሁት። ምን ላድርግ ታዲያ?

ባለሱቁ ሙስጠፋ “እትዬ፣ የእናንተም…” ብሎ ሲጀምር ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩ። ወዲያው ገባው። አሁን የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ጋሽ ታደለ ፊት ባቡር የሚባል ነገር እንዳያነሳ ያስጠነቅቃል አሉ። እኔ ደግሞ ወሬ አይቋጥርም ብዬ ስንቴ አምቼዋለሁ! አፈርኩ።

የሚያስጨንቁኝ፦ ለልማት ተነሺ ምትክ ቦታ ከከተማ ወጣ ብሎ ቡሹሎ ነው ይላሉ፤ እዚያ ማንን አውቃለሁ? ግቢያችን ያለው የአቮካዶ ዛፍም አለ። ከሁሉ በላይ ታደለ። ዓይኑ ሲፈታ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ይሁን?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7
ጠዋት የጤና ቡድኑ ጨዋታ ነበር። የሰፈራችን ጎልማሶች ናቸው፣ ባለቦርጮቹ ሁሉ። ታደለ ሃያ ዓመት በረኛቸው ነበር። ወንበር አወጣሁለትና ጋቢው ሥር ተቀምጦ ጨዋታውን በጆሮው ተከታተለ። “ይቺ የአስፋው እግር ናት፣ ወደ ውጭ ወጣች” ይላል። አንዴም አልተሳሳተም።

ከእረፍት በኋላ ኳሷ አጥሩን ስትመታው ጋቢው ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ቀዩ ቀለም ወለል ብሎ ታየ። ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ።

“ምነው? ጎል ገባ እንዴ?” አለ ታደለ።

አስፋው ቦርጩን ይዞ እየሮጠ መጣና ጋቢውን አራግፎ መልሶ ሰቀለው። “አይ ጋሼ፣ ውጭ ነው” አለው። ሁላቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እሁድ፣ መጋቢት 8
ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆረጥኩ። ነገ ከመሐንዲሶቹ መሃል ሴቷን እጠይቃለሁ። የመጣው ይምጣ።

ሰኞ፣ መጋቢት 9
ጠየቅኳት። “ልጄ፣ መቼ ነው የምታፈርሱን?” ስላት ግራ ገባት።

“እማማ፣ ይሄ እኮ የከፍታ መለኪያ ምልክት ነው። ሥራው እስኪያልቅ እንዲቆይልን የማይፈርስ አጥር ላይ ነው የምናደርገው” አለችኝ።

ግንባሯን ሳምኳት፣ መረቅኳት። ይሄን ያህል ቀን ጋቢ ስነክርና ስሰጣ! ስሄድ ታዲያ ዝም ማለት አልችል፣ ጣቢያው የቱ ጋ ነው ብዬ ጠየቅኩ። በእስክርቢቶዋ ጎሉን አሳየችኝ። ታደለ ሃያ ዓመት የቆመበትን ጎል።

ከሰዓት ዓይኑ ተፈታ። በባጃጅ መጣን። ወርዶ መጀመሪያ እኔን ትኩር ብሎ አየኝና “አርጅተሻል” አለኝ፤ አሳቀኝ። ቀጥሎ አጥሩን።

“ይሄ ጋቢ ከረቡዕ ጀምሮ አልደረቀም?”

አወረድኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ዓይንህን ተጠንቀቅ እስክለው ድረስ ሳቀ። ሁሉንም ነው የምለው፣ ያቺን አንዷን፣ የጎሉን ነገር ሳልጨምር። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞሮ ጎሉን ቆሞ ያየው ጀመር። ጋቢው እጄ ላይ ነው፤ ሜዳ አይሸፈንበት ነገር።

“ሐኪሙ አንድ ወር አታጎንብስ ብሎኛል አይደል?” አለኝ። “ከወር በኋላ ባለችው ቅዳሜ እኔ ነኝ በረኛው። ለአስፋው ንገሪው።”

እሺ አልኩት። ሥራው መቼ እንደሚጀመር መሐንዲሷን አልጠየቅኳትም። ነገ በጠዋት እሄዳለሁ። አንድ ወር ብቻ ቢቆዩልን።