እጄን ሰጠሁ እንጂ እጅ አልሰጠሁም

ቀን፦ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዶ/ር እዝራ ላጲሶ
የክንድ ሰው ሠራሽ አካል ምርምር ማዕከል ኃላፊ
አትላስ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በጭንቅላቴ የማዘው እጅ እንዲመለስልኝና የጭንቅላቴ ፋይል እንዳይሰረዝ ስለመጠየቅ

አላቆምኩም! ማን ነው ያቆመው? ትናንት ቢሮዎ በር ላይ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ እጅህን ሰጥተሃል፣ ጨርሰናል» ብለውኝ ወደ ስብሰባ ገቡ። መልሴን ስላልሰሙኝ በጽሑፍ አቀርባለሁ። መድኃኔዓለም ጋ ያለው ማመልከቻ ጸሐፊ «ቁጣውን ካላወጣህ አልጽፍልህም» ስላለኝ ራሴ በግራ እጄ ጽፌዋለሁ። ፊደሉ ቢጣመም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

1. እኔ ሃይደር አብዱልገኒ በያጅ ነኝ። ከገርጂ እስከ ጎሮ ማንንም ይጠይቁ፣ ሃይደር የበየደው በር ሲዘጋ አይጮህም። ከሁለት ዓመት በፊት የብረት መቁረጫ ማሽን ቀኝ እጄን ከክርን በታች ወሰደው። ቤት ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም። ማዕከላችሁ ፈቃደኛ ሲፈልግ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፣ መዝገቡን ይዩት።

2. ኢንጂነር ናኦሚ ሽቦ የበዛበት ቆብ ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ «እጅህን እየጨበጥክ እንደሆነ አስብ» ትለኛለች። አስባለሁ። የፕላስቲኩ እጅ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሬሳ ተጋድሟል። ሦስት ሳምንት እንደዚህ ሄደ። ሌሎቹ ተሳታፊዎች ራስ ምታት ያዘን እያሉ ይቀሩ ነበር፣ እኔ አንድ ቀን አልቀረሁም። በኋላ የራሴን ዘዴ ይዤ መጣሁ። መጨበጥ የሚሉትን ነገር ተውኩትና የመበየጃውን እጀታ ይዤ ብረት ላይ ሳስጠጋ አሰብኩ። እጁ ቀጭ ብሎ ተዘጋ! ናኦሚ ከወንበሯ ተነስታ «አንተ፣ ምን አደረግክ?» አለችኝ። «በየድኩ» አልኳት።

ማሽኑ የጭንቅላቴን ሲግናል ለምዶ ፋይል የያዘልኝ በዚህ ዓይነት ነው፣ አራት ወር ፈጅቷል። በመጨረሻው ፈተና ከመቶ ሰማንያ ሰባት አምጥቼ ከስድስታችን አንደኛ ወጣሁ። ከመሃላችን ማስተርስ ያለው ሰው አለ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ጭንቅላት አለኝ የሚል ሞልቷል፣ የኔ ግን በማሽን ተለክቷል።

3. ለዐረፋ ናኦሚ ፈርማ እጁንና ትንሹን ቆብ ለሦስት ቀን ወደ ቤት ሰጠችኝ። እኛ ቤት በግራ አይበላም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለኔ ለብቻዬ በሳህን ይቀርብልኛል፣ ማንም ክፉ ቃል አይናገረኝም፣ ግን እናቴ ዘሃራ ስበላ ፊቷን ታዞራለች። የዛን ቀን ከትልቁ ትሪ ተጠግቼ በቀኝ እጄ ዳቦ አነሳሁ። ሁለቴ ወደቀብኝ። ሦስተኛው አፌ ደረሰ። እናቴ ጣቶቹን ያዘችና «በርዶታል» ብላ ታሻሸው ጀመር። ፕላስቲክ ነው አላልኳትም። ይሄን የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ አይደለም። ምን እንደወሰዳችሁብኝ እንድታውቁት ነው።

4. ሰኔ 16 ማዕከሉ ውስጥ ስለማመድ የእጁ ጠቋሚ ጣት አልታጠፍ አለ። ናኦሚ ለሥራ ሐዋሳ ስለነበረች እጁ እንዲጠገን ለንብረት ክፍሏ ለወ/ሮ ማዕዛ አስረከብኩ። ወ/ሮ ማዕዛ መዝገቡ ላይ «ተሳታፊ ሃይደር እጁን ሰጥቷል» ብለው ጻፉ። «ለጥገና» የምትለዋ ቃል መስመሩ ስላለቀባቸው ቀረች። ትናንት ጠየቅኳቸው፣ «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ዕቃውን ማለቴ ነው» ብለው አምነዋል። እርስዎ ግን አንብበው ሃይደር ተሸነፈ፣ ተወው ብለው ሰኔ 24 «በገዛ ፈቃዱ እጅ በመስጠቱ ተሳትፎው ተቋርጧል» የሚል ደብዳቤ ፈረሙ።

ክቡር ዶክተር፣ በአማርኛ እንነጋገር። እጄን ሰጠሁ ማለት ዕቃውን ሰጠሁ ማለት ነው። እጅ አልሰጠሁም! እጅ የሚሰጠው የተከበበ ሽፍታ ነው። እኔን ማን ከበበኝ? ውጭ አገር ድረስ ተምረው መጥተው ይሄን መለየት ቢያቅትዎ እንኳን አንዴ መደወል ምን ነበረበት? የቀረኝ አንድ እጅ ነው፣ እሱም ስልክ ማንሳት ይችላል።

5. ናኦሚ እንደነገረችኝ ያቋረጠ ሰው ፋይል በደንቡ ይሰረዛል፣ የኔም ሰኞ ሐምሌ 7 ይሰረዛል። በዛው ቀን እጁ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሰውየውን አልጠላውም፣ እሱም የቸገረው ነው። ግን ፋይሌ ከጠፋ ማሽኑ እኔን አያውቀኝም፣ ሀ ብዬ አራት ወር ልጀምር ነው። ፕሮጀክቱ ደግሞ መስከረም ላይ ያልቃል። ሒሳቡን ለመሥራት ማስተርስ አይፈልግም።

ስለዚህ ፋይሌ እንዳይነካ ዛሬውኑ ይታዘዝልኝ። የሰኔ 24ቱ ደብዳቤ ይሻርልኝ። ጣቱ ተጠግኖ እጄ ይመለስልኝ። ለሰውየው ሌላ እጅ ይፈለግለት፣ መጋዘን ውስጥ ሁለት እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ይቅርታ ጠይቁኝ አላልኩም፣ ይቅርታ ዕቃ አያነሳም።

ነገ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በርዎ ላይ ነኝ። ኮሚቴ ይየው፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ና የሚባል ነገር አልሰማም። ሰኞ ረፍዷል። እስከ ስድስት ሰዓት እሺ ወይም እምቢ የሚል መልስ በፊርማዎ ይስጡኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ንዴቴም እንዳለ ሆኖ

ሃይደር አብዱልገኒ
በያጅ፣ ገርጂ
(ፊርማ፣ በግራ እጅ)