በሻክሃንግ ወንድ የጠፋበት አዲስ ዓመት

ባሕር ማዶ፣ ሳንዳካን ላሉት ለታላቅ ወንድሜ ለፉክሺን፤

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? የዚያ አገር ዝናብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳዎታል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

አጎታችን ሳምሹክ በመከር አረፉ። በመንደሩ የቀሩት የመጨረሻው ወንድ እሳቸው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ሁሉ ወደ ሼንዘን ፋብሪካዎች ነጉዷል፤ አሁን ያለነው እኔና ጎረቤቴ አሮጊቷ ሌንቶይ ብቻ ነን።

ለአዲስ ዓመት ለሙታን አባቶቻችን እጣን የሚታጠንበትን አዳራሽ ማን ይክፈት ብዬ ስደውልልዎ፣ «ሴት የመጀመሪያውን እጣን አትለኩስም፤ ወንድ ፈልጊ» አሉኝ። ፈለግሁ። ያገኘሁት አሳማ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ነበር። ጭቃ በጠገበ ቦቲው ዘው ብሎ ገባና እጣኑን ጨብጦ፣ «እማማ፣ ለማን ነው የምሰግደው?» አለኝ። «ለእኔ አባቶች» ስለው፣ «ኧረ ለራሴ አባቶች ገና አልሰገድኩም፤ ለባዕድ ቀድመህ ሰገድክ ብለው ይቆጡኛል!» ብሎ ሳቀ። ሌንቶይ ከደጅ ሆና፣ «ዕድሜ ልካችንን ስናርስ ኖረን ክብሪት መጫር ያቅተናል? ተቀበዪው!» ብላ ጮኸች።

ተቀበልኩት። ራሴ ለኮስኩት። ጣራው አልወደቀብኝም። ከዚያ ግን ተናደድኩ። ቀደምቶቻችን በጦርነት ከሰሜን ተባረው፣ የአባቶቻቸውን አጥንት በእንስራ ይዘው ይህን ገደል ሲያቀኑ፣ ሴቶቹም አብረው ተሸክመዋል። እናንተ ወንዶቹ በወንዙ ወርዳችሁ ባሕር ስትሻገሩ፣ ሩዙን የተከልን፣ ሙታኑን የቀበርን እኛ ነን። እናታችን በሞት አፋፍ ላይ ሆና «ፉክሺን፣ መጣህ?» ስትል፣ ድምፄን አወፍሬ «መጣሁ» ያልኳት እኔ ነኝ። ለእጣን ግን አሳማ ነጋዴ በለጠኝ?

ከዝናቡ በፊት ልጄ ወደ ከተማ ልትወስደኝ ነው። ሌንቶይም ወደ ወንድሟ ልጅ ትሄዳለች። ለከርሞ ወንድ ፈልጊ አይበሉኝ፤ ሴትም አይኖርም።

ለባለቤትዎ ለኡይቻን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ልጅዎን ቺንፎን ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ሸምግሏል ቢሉኝም ለእኔ ልጅ ነው። የልጅ ልጆችዎ የእኛን ቋንቋ አይሰሙም ስላሉኝ፣ በሚሰሙት ቋንቋ «እህቴ ሰላም ብላችኋለች» ይበሉልኝ።

እህትዎ ዩንሞይ
ሻክሃንግ፣ አዲሱ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን፣ 2003 እ.ኤ.አ.