ተመልሶ የመጣው የመሰናዶ ክፍያ

ልጄ ናዒማ፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሰፈራችን በካርቲየ 4 ያለው ሱቃችንም ሽርጡን እየሸጠ ነው። የድሬዳዋ ዘመዶቻችን ሰላም ብለውሻል።

ትናንት ባንክ ጠርቶኝ ከወንድምሽ ከዘይድ ጋር ሄድኩ። ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶሽ የከፈልኩት ገንዘብ ተመልሶ መጥቷል! «ያ ረቢ፣ ልጄን አባረሯት!» ብዬ እዚያው ጮኽኩ። ዘይድ ከገንዘቡ ጋር የመጣውን የፈረንሳይኛ ደብዳቤ ሲያነብልኝ ጭራሽ ባሰብኝ። «ቤተሰቧ አቅም ስለሌለው ክፍያውን ትምህርት ቤቱ ሸፍኖላታል» ይላል። እኔ በየረመዳኑ ዘካ የማወጣ ሴት! ባዕድ ፊት ችግረኛ አልሽኝ?

መንገዱን ሙሉ ስቆጣ መጣሁ። ዘይድ ግን ቤት ስንደርስ፣ «እማዬ፣ ለክፍያው ወርቅሽን መሸጥሽን ናዒማ አውቃለች፤ ትምህርት ቤቱን የለመነችውም ለዚሁ ነው» አለኝ። ክው አልኩ! ለማንም አልተነፈስኩም እኮ። «በዚያ በመስከረም ሙቀት፣ በቪዲዮ ስታወሪያት ረጅም እጅጌ ለብሰሽ ነበር። አምባር የሌለው እጅሽን እንደደበቅሽ ገባት» አለኝ።

ታዲያ ልጄ፣ ዓይን ያለሽ አንቺ ብቻ መሰለሽ? ብርዱ ከገባ ወዲህ ባየሁሽ ቁጥር ክፍልሽ ውስጥ ካፖርት ለብሰሽ ነው። ማሞቂያሽን አታበሪውም፣ አይደል?

ገንዘቡን ጎረቤታችን ሱሪያ ስትመጣ ታደርስልሻለች። ወርቅ መልሰሽ ግዢበት እንዳትዪኝ፣ ማሞቂያሽን አብሪበት። አላህ እውቀትሽን ያብዛልሽ፣ ደጅሽን ያስፋው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ዳግመኛ ስንደዋወል ካፖርቱን አውልቀሽ ጠብቂኝ። እኔም እጅጌዬን እሰበስባለሁ።

እናትሽ ፈትያ