አባትሽ የሚፈታው ከበሮ

ልጄ ፀደይ፣ እመብርሃን በሰው አገር ከለላ ትሁንሽ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የአክስትሽ ልጅ ፅዮን ጠዳ ከተማ ሸጋ ወንድ ልጅ ተገላግላለች።

እኔን የጨነቀኝ የአባትሽ ነገር ነው። አርባ ዓመት ከበሮና በገና የሠራበት ጆሮው ከድቶታል። እሱ ግን ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ ይለኛል። ለጥምቀት የታዘዘውን ከበሮ ይወጥርና ይመታዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማው «ቆዳው ዱዳ ነው» ብሎ ጠፍሩን መልሶ ይፈታዋል። ይኸው ሦስተኛ ቆዳ ከአራዳ ገበያ ገዝቶ መጣ። ትናንትማ ላንቺ የሠራልሽን በገና ከግድግዳ አውርዶ «ይኼም ሞቷል፣ ልፍታው» ሲል፣ ነጥቄ ጎታ ውስጥ ደበቅሁት።

ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ያን ሁሉ አወራሽው አይደል? ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆየና መለሰልኝ። «ምነው ልጄ ዝም አለችኝ? ምን አስቀየምኋት?» ብሎ አለቀሰ። «አውርታሃለች» ብዬ ብጮህበትም የማጽናናው እየመሰለው አላመነኝም።

በወጣሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ፣ የኔ ልጅ። እባክሽ፣ ያን ቀን ያልሽውን ሁሉ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪለት። ዓይኑ ገና ደህና ነው።

እናትሽ ወለላ