ከመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማዶ ለክቡር ባላምባራስ ረታ

መቀሌ፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.

ለክቡር ባላምባራስ ረታ
የቤቶች ማሳመሪያ ክፍል ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ይህች ወረቀት ከእጅዎ ስትደርስ፣ በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ እግርና በበር በሚገባበት ቤት ውስጥ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት ለመጠየቅ ቢፈቅዱ፣ በመስኮት መውጣትና መግባት ካበላሸው ከግራ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። በዝግ የጻፍኩልዎት ሁሉ መልስ ስላጣ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ኡሙሀኒ ይህችን በመስኮት ተቀብለውኝ በገበያው ግንብ ላይ እንዲለጥፉልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ ሰው ተሰብስቦ ሲያነባት ጫጫታው ከቢሮዎ ይደርስ ይሆናል።

ምናልባት ከሥራዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ ከቡልጋ ተመድቤ የመጣሁ የመንግሥት ጸሐፊ ስሆን፣ ከባለቤቴ ከየትምወርቅ ጋር ከጣሊያን በቀረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት የምኖር ሰው ነኝ። ሴራሚክ የሚሉት የሚያብረቀርቅ ሸክላ የሚነጠፍበት የክፍልዎ የመጀመሪያው መታጠቢያ ቤት በእኛ ቤት እንዲሠራ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በመምረጥዎ ያደረብኝን ምስጋና እንደሚከተለው በተራ በተራ ለመግለጽ እፈልጋለሁ።

፩ኛ፤ እኔ መታጠቢያ ከጓሮ የሚደረግ ነገር ነው እየተባልኩ ያደግሁ ባላገር ነኝ። ክቡርነትዎ ግን ከአዲስ አበባ የሚጠበቁት ታላቅ እንግዳ ደጁን ሲከፍቱ በመጀመሪያ ሸክላውን ማየት አለባቸው በማለት የፊተኛውን ክፍል፣ ይኸውም እንግዳ የምንቀበልበትን፣ የምንገባበትንና የምንወጣበትን፣ ለዚሁ መረጡት። እንግዳው ሲታጠቡም የጓሮ ነፋስ እንዳይመታቸው በማሰብ የጓሮውን በር በድንጋይና በጭቃ አስደፈኑት። እንዲህ በመሆኑ ከምንተኛበት ክፍል ወደ ደጅ የሚያወጣው መንገድ በተቆፈረው ወለል ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ። ወለሉ እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው ባዘዙ ጊዜ፣ ታዲያ በምን እንውጣ ብዬ ብጠይቅ፣ በትዕግሥት ብለው መለሱልኝ። እኔም ትዕግሥቱን ለባለቤቴ ትቼ፣ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት ሁለት ብረት አውልቄ ሥራዬ እሄድ ጀመር። የትምወርቅ ግን ነፍሰ ጡር ስለሆነች በዚያ ቀዳዳ ማለፍ አልቻለችም፤ ከግንቦት ወዲህ ፀሐይ የምታገኘው በመስኮቱ በኩል በምትዘረጋው እጇ ላይ ብቻ ነው።

፪ኛ፤ ስለ ወለሉ ድልዳሎ ያሳዩት ትጋት ሲነገር የሚኖር ነው። ከወሎ የመጣው ግንበኛ ጀላሉ ጣሊያኖች ሸክላ ሲያነጥፉ ሲሚንቶ ያቀብል ስለነበር፣ ማንጠፉንም እንደሚያውቅ ራሱን አሳምኖ ነበር። የቆየውን የአፈር ወለል ቆፍሮ አወጣ፣ ድንጋይና ጠጠር ሞልቶ ጠቀጠቀ፣ ከላይም በኖራና በአሸዋ ለሰነው። ያን ጊዜ ክቡርነትዎ ውሃ ልክ የተባለውን መሣሪያ ይዘው መጡና፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከመካከል ካልቆመች ሥራውን አልቀበልም አሉ። አረፋዋ መካከል እስክትቆም ጀላሉ አንዴ እየሞላ አንዴ እየፋቀ ሰነበተ። በመጨረሻ በቆመች ጊዜ ሁለታችሁም በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ በደስታ ስታይዋት እኔም ከውስጠኛው በር ሆኜ አብሬ ተደሰትኩ፤ ማን ይዋሻል!

ከዚያም ሰው በተሰበሰበበት አንድ እንስራ ውሃ አስፈሰሱበት። ውሃው ጥቂት ቆሞ አሰበና፣ ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ መሄዱን ትቶ ወደ እኛ መኝታ ገባ። ለሚወለደው ልጅ የተሰናዳውን ጨርቅ አርሶ ከአልጋው ሥር ተኛ። የመታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ቀዳዳው በጥቂቱ ዘመም ማለት እንዳለበት ከሁላችንም በፊት የተረዳው ውሃው ነበር። ክቡርነትዎ ግን ጥፋቱ የወለሉ ሳይሆን ውሃውን ያፈሰሰው ሰው አፈሳስ ባለማወቁ ነው ብለው ከገሠጹት በኋላ፣ ወለሉ ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ አዘዙ።

፫ኛ፤ ሁለተኛው ወለል ወደ ቀዳዳው ዘንበል ብሎ ተሠራና ደረቀ። በማግሥቱ ሸክላው ሊነጠፍ፣ ወለሉ ለታላቅ እንግዳ እንደሚገባ ተሰናድቶ ይደር የሚል ትእዛዝ ላኩ። ባለቤቴን ስትወልድ ለማረስ ከቡልጋ የመጣችው የእኅቷ ልጅ ብርቄ ትእዛዙን ሰማች። በእርስዎም ሆነ በእኔ የልጅነት ቤት ወለል ለእንግዳ የሚሰናዳው በምን እንደሆነ ያውቃሉ። ምስኪኗ ልጅ ከወይዘሮ ኡሙሀኒ ላም ሥር ትኩስ እበት በመስኮት አስገብታ፣ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አሳምራ ለቀለቀችው። እንዲያ ያማረ ልቅለቃ አይቼ አላውቅም፤ አንዳች የእጅ ምልክት እንኳ አልነበረበትም።

ጀላሉ በማግሥቱ ሲመጣ ይህ የክቡርነትዎ ልዩ ትእዛዝ ነው ብሎ ስላሰበ አንዳች ሳይጠይቅ ሸክላውን በላዩ ደረደረ። እርስዎም ሲመጡ፣ አፍንጫዎን ከፍ አድርገው ይህ የአዲስ ሲሚንቶ ሽታ ነው ብለው ለተከተሉዎት ሰዎች አስረዱ። በደረቀ እበት ላይ ሲሚንቶ እንደማይይዝ ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ሊመርቁት ገብተው መራመድ ሲጀምሩ ነው፤ አንደኛው ሸክላ ከጫማዎ ጋር ተነሣ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የወደቁበትን ሁኔታ ለክብርዎ ስል እዚህ አልጽፍም፤ ያየው ሰው ብዙ ስለሆነ መጻፉም አያስፈልግም። ይልቅስ የምጽፈው፣ ከመሬት ተነሥተው ያችን ልጅ የመንግሥትን ሥራ ሆን ብላ ያበላሸች ጠላት ብለው በሰው ፊት መጥራትዎን ነው። በዚህ እስከ ዛሬ ተናድጃለሁ። ልጅቱ ትእዛዝዎን ከማንኛችንም በላይ በሚገባ ፈጽማለች።

፬ኛ፤ ሦስተኛው ወለል ዝናቡ ከገባ በኋላ ስለተለሰነ አልደርቅ አለ። ሰው እንዳይረግጠው ብለው የደጁን በር በሰም አሳሸጉና ማኅተምዎን አተሙበት። ማኅተሙን የነካ መንግሥት ከሰጠው እንጀራ ይነሣል የሚል ወረቀትም አስለጠፉ። እዚህ ላይ ጨዋታዬን ትቼ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። የትምወርቅ የበኩር ልጃችንን የወለደች ጊዜ አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ልጁ በእጃችን ላይ ሞተ። ስለዚህ ወሯ ሲገባ ፈራሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ለአዋላጅ መግቢያ ብቻ በሩ እንዲከፈት ደጋግሜ ጻፍኩልዎት፤ ሲሚንቶው እስኪጠነክር ይታገሡ የሚል የቃል መልስ በዘበኛ ተላከልኝ። የሴት ምጥ ግን ሲሚንቶ እስኪደርቅ ቀጠሮ አይሰጥም።

ማክሰኞ ከቀትር በፊት ምጡ መጣ። የሠፈራችን አዋላጅ አደይ ለተማርያም ብቻ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸውና ጥሪውን እንደሰሙ መጡ። እርሳቸው ግን እንደ እኔ የሚበላ ያጣ ጸሐፊ አይደሉም፤ በአካል የተሟሉ ሴት ወይዘሮ ናቸው። ከመስኮቱ ሥር ቆመው «እዚ ድዩ ማዕጾኹም?» ብለው ጠየቁኝ፤ በራችሁ ይህ ነወይ ማለታቸው ነበር። አዎን ይህ ነው ብዬ ስመልስ ያፈርኩት እፍረት ከእርስዎ ድርሻ እንዲቆጠርልኝ እለምናለሁ። አደይ ለተማርያም ራሳቸውንና አንድ ትከሻቸውን አስገቡ፣ ከዚያ በላይ አልሆነም። ወይዘሮ ኡሙሀኒ በውጭ እየገፉ፣ ብርቄ በውስጥ እየሳበች፣ አዋላጇ በመስኮቱ ተወትፈው «አጆኺ ጓለይ፣ አጆኺ»፣ አይዞሽ ልጄ፣ እያሉ ሚስቴን ከሩቅ ሲያበረቱ፣ የትምወርቅ ድምፅ እየደከመ ሄደ።

በዚህ ጊዜ አደይ ለተማርያምን ከመስኮቱ አላቀን፣ እኔ ወጣሁና ዞሬ ወደ ደጁ ሄድኩ። የመንግሥትን ደብዳቤ ስገለብጥበት በኖርኩት በዚህ እጄ ማኅተምዎን ሰበርኩት። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላገዘኝም። አዋላጇም ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው፣ ወለሉን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው እየሰመጡበት ተሻግረው ገቡ። ልጅቱ ስትወለድ እትብቷ ባንገቷ ተጠምጥሞ ነበር፤ አደይ ለተማርያም በጣታቸው አላቀቁት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ እናቲቱ ብዙ ደም ስለፈሰሳት አዋላጇ ትተዋት ሊሄዱ አልፈቀዱም።

በማግሥቱ ሰዎችዎ መጥተው በሩን በአዲስ ሰም ማሸጋቸውን፣ አገኘሁ የተባለው ዘበኛም ዱላ ይዞ እንዲቆምበት መደረጉን፣ ማኅተም በመስበርና ወለል በማስረገጥ መከሰሴንም በአክብሮት ተረድቻለሁ። ለቀረበብኝ ክስ መልሴ አድርጌዋለሁ የሚል ነው። ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። እንጀራዬን ቢወስዱ ልጄ በእናቷ ጡት ታድራለች።

የክቡርነትዎን ሥልጣን ዘወትር በማክበር፣ ትእዛዝዎን እስከቻልኩት በመፈጸም፣ በእጅ መንሻ ፋንታ ያነከሰ ጉልበቴን በማቅረብ፣ ከወለልዎ ማዶ ሆኜ እጅ የምነሣ ታዛዥ አገልጋይዎ፣

ታመነ ወልደጊዮርጊስ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤዬን ፈርሜ ሳልጨርስ ከቤትዎ የተላከች ሴት እያለከለከች ከመስኮታችን ሥር ደርሳለች። ክብርት ባለቤትዎን ወይዘሮ ማዘንጊያን ከጧት ጀምሮ ምጥ እንደያዛቸው፣ አደይ ለተማርያምንም በአስቸኳይ እንደሚፈልጓቸው ነገረችን። አደይ ለተማርያም ወገባቸውን ታጥቀው ከታሸገው በር በስተ ውስጥ ቆመዋል፤ ከእኛ ጋር የታሸጉ መሆናቸውን ሰዎችዎ ልብ አላሉም ነበር። ዘበኛው አገኘሁ ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ብናለቅስበትም፣ ያለ ባላምባራስ እጅ አይከፈትም ተብያለሁ ብሎ በዱላው በሩን ዘግቶታል፤ ክቡርነትዎ ደግሞ እንግዳውን ለመቀበል አጠገባችን ወዳለችው ወደ ቁሓ ከተማ ሄደዋል ተባልን። እኔ ይህን ማክሰኞ ስላየሁት ለማንም አልመኘውም። ስለዚህ ወይዘሮ ኡሙሀኒ በገበያው መለጠፉን ትተው ወረቀቷን እንደያዙ በቁሓ መንገድ ወደ እርስዎ እየመጡ ነው። ክቡር ሆይ፤ አንብበው አይጨርሱት፣ ይሩጡ።