የዘለልኳቸው ስድስት ገጾች

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከቀኑ 7 ሰዓት

ሙቀቱ አይቻልም። የምሠራበት ስፌት ቤት እስከ ዘጠኝ ዝግ ነው። እንደ ልማዴ ፎዚያ ጋ። እሷ ለማታ ገበያ የሳምቡሳ ሊጥ ትዳምጣለች፣ እኔ ልቦለድ አነብላታለሁ። አማርኛ እንደ ውሃ ትናገራለች፣ ፊደሉ ላይ ግን ትዘገያለች። ዛሬ ገጽ 112 ደረስን፤ የመጋዘን ሹሙ በገዛ ሲጋራው መጋዘኑን አቃጥሎ፣ ጓደኛውን ዘበኛውን ያሳሰረበት። ስድስት ገጽ ዘለልኩ። እሳት ተነሣ፣ ዘበኛው ታሰረ ብዬ አለፍኩ። የሹሙን የልጅነት ረሃብ ግን አንድ መስመር አላስቀረሁም።

ፎ. አለቀሰች። «ሚስኪን» አለችው፣ ሹሙን።

ደብተሬ፣ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍልህ። አምና ፎ. ስፌት ቤቱ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ እሷ ጨርቅ ታነጥፋለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። የቀኝና የግራ እጅጌ እንዲወጣ አጥፋ የተወችውን ጨርቅ፣ ቸኩዬ ዘርግቼ ቆረጥኩት። የአርባ ዩኒፎርም እጅጌ ሁሉ የቀኝ ሆነ። አሠሪያችን ሲቆጣ፣ ሳታጥፈው ነው ያነጠፈችው አልኩ። በዚያው ቀን ተባረረች።

እስከ ዛሬ ማጠፉን የረሳችው ራሷ ይመስላታል። እርጅና ነው መሰለኝ ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ልጅ አለኝ፣ ፈርቼ ነው። እሷስ ልጅ የላትም? አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። 8 ሰዓት

ወደ ገጽ 112 ተመለስኩ። ገጾቹ ተጣብቀው ነበር አልኳት። ይኸው ሌላ ውሸት። ስድስቱንም አነበብኩ። ትረግመዋለች ብዬ ጠበቅኩ። መዳመጫዋን አስቀመጠች።

«አሁንም ያሳዝነኛል ወላሂ፤ ፈርቶ ነው» አለች። «ግን የፈራው እሱ፣ የታሰረው ሌላ። ሄዶ ይንገረው እንጂ አቦ።»

መጨረሻ ላይ ይነግረው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንብቤ ጨርሼዋለሁ፤ አይነግረውም፣ ተከብሮ ይሞታል። አላውቅም አልኳት። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። 6፡30

ሥራ የግማሽ ቀን። ጠዋት ለአሠሪው እውነቱን ነገርኩት። ሰኞ እናያለን አለኝ፤ ፊቱ ደግ አልነበረም። ቢያባርረኝም ይገባኛል። እሱ ግን ቀላሉ ነው።

ልቦለዱን ቤት ትቼ አንተን ይዤ ፎ. ጋ እሄዳለሁ። የማክሰኞውን አነብላታለሁ። ፈርቼ ነው የሚለውንም አልሰርዘውም፣ እውነት ነው። አብሬ እስቃለሁ የሚለውንም። አንድ መስመር ሳልዘል።

የጠራሁት ባጃጅ በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ልሂድ።