የጾሙ ድስት

የካቲት 4 ቀን 1966፣ ሰኞ

ከደሴ ተመለስኩ። መንገዱ አጥንቴን ፈጨው። ቢሮ ስገባ የጽሕፈት መኪናዬ አቧራ ለብሳ ጠበቀችኝ።

የደም ግፊት ነው አለኝ የደሴው ሐኪም። "ውፍረትሽን ካልቀነስሽ እንደ እናትሽ አንድ ጎንሽን ሊመታሽ ይችላል።" እናቴን ስንት ዓመት አገላብጫታለሁ። እኔን ማን ያገላብጠኛል? ልጄ ሐረግ ገና ስድስት ዓመቷ፣ አባቷ የለ...

መቀነስ ነው እንግዲህ። ግን ለማን ይወራል? ከቆላ የመጣው ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በረሃብ እያለቀ፣ "ለመክሳት ብዬ ምግብ ቀነስኩ" ይባላል? አፌን ዘጋሁ።

የካቲት 11

ዐቢይ ጾም ገባ። ደግ አጋጣሚ። ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በአዋዜ። ሽሮም ያወፍራል ብዬ ተውኩት። ለሐረግ ብቻ እሠራለሁ።

የካቲት 21

ሬዲዮው ካቢኔው ለቀቀ አለ። ቢሮው ሹክሹክታ ብቻ። እኔ ስለ ቀሚሴ አስባለሁ... ሰፍቶኛል። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። ግን ራሴን ለምን ያዞረኛል? ማበጠሪያው ላይም ፀጉር ይቀራል።

የካቲት 27

ጎረቤቴ እትዬ ሩቂያ ድስት ይዘው መጡ። የሽምብራ ወጥ፣ ጎመን ጣል ያለበት። "ጾማችሁ አይደል? ሥጋ የለበትም፣ አብረን እንበላለን" አሉ። ጉንጬን አዩት።

"አልታየች፣ ምነው እንዲህ መነመንሽ?"

"ጾሙ ነው።"

"እህ..." አላመኑኝም። ጠግቤያለሁ ብዬ ድርሻዬን ለሐረግ ሰጠኋት።

መጋቢት 2

ድስቱ በየቀኑ ይመጣል። የሐረግ ፊት ወዛ። እኔ ሰበብ እየፈጠርኩ እሸሻለሁ። እትዬ ሩቂያ ምን ነካቸው?

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ቢሮ ወደቅሁ። ደብዳቤ እየመታሁ ሁሉ ነገር ጠቆረብኝ። ተሸክመው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ አቶ አራጌ የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየ። "ደም አንሶሻል። ምንድን ነው የምትበዪው?"

ነገርኩት። ሁሉንም።

"መቀነስና መራብ አንድ ነው እንዴ? እንጀራውን ቀንሺ፣ ጨውና ዘይት ቀንሺ። ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ግን ከገበታሽ አይጥፋ። ጾምሽንም አይነካብሽም።"

ሽምብራና ጎመን... ደጄ ድረስ ሲመጣልኝ የከረመው።

መጋቢት 7

ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። እትዬ ሩቂያ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። "እኔ እኮ ረሃብ ቤትሽ የገባ መስሎኝ። ደመወዝተኛ ናት፣ አፍራ ነው የደበቀችን ብዬ... ወላሂ፣ እንቅልፍ አጣሁ።"

ዓይኔ ጓዳቸው ላይ አረፈ። የእህሉ ጎታ ባዶውን ቆሟል።

"እርስዎስ ምን ይበላሉ?"

"አብሽሪ። እኔ አሮጊት ነኝ፣ በቀን አንዴ ይበቃኛል።"

እኔ ለመክሳት ስታገል፣ እሳቸው ከአፋቸው ነጥቀው ለእኔ... እጃቸውን ሳምኩ። ምን ብዬ ላመስግን? ከዛሬ ጀምሮ ድስታችን አንድ ነው አልኳቸው። እህሉ ከእኔ፣ ሙያው ከእሳቸው።

መጋቢት 24

የቢሮውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። ተመስገን።

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ትናንት አቶ አራጌ ግፊቴን ለካ። "ወርዷል፣ ዓይንሽም ደም መልሷል" አለኝ። እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

ዶሮ አላሳረድኩም። እኔ ያሳረድኩትን እትዬ ሩቂያ አይበሉም። በፋሲካ ቀን ድስታችንን ልለየው? አልሆነልኝም። ሽምብራው እንደ ጾሙ ተሠራ፣ እንቁላልና አይብ ተጨመረበት። ሐረግ "ፋሲካ ያለ ዶሮ?" ብላ አኮረፈች፣ አይቡን ስታይ ታረቀች። መጀመሪያ ከድስቱ ተቀንሶ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላሉት ሄደ። ከዚያ እኛ ቀረብን።

ሐረግ ስትበላ ቆይታ ወደ እኔ፣ ወደ እሳቸው አየች። እውነትም ጉንጫቸው ሞላ ብሏል።

"እማዬ፣ አንቺ ስትከሺ እማማ ሩቂያ ወፈሩ።"

እትዬ ሩቂያ ሳቁ። "ከእናትሽ የወሰድኩት ነው። ልመልስላት እንዴ?"

"ኧረ አይመልሱብኝ" አልኳቸውና አጎረስኳቸው።